አንድ እቅፍ ጓሳ

ሮማውያን ጣራቸውን የሚከድኑት በሸክላ ነበር። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ቢሆንም እኔ በሠራሁት የሮማውያን ከተማ ውስጥ ሰባት ጎጆዎች በሣር ተከድነዋል። አባቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሣር ክዳን ሥር ኖረው በቆርቆሮ ሥር ሞቱ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ምን እንደሚያገናኛቸው ለሰው መናገር አልወድም። አሁንም የምጽፈው ባልደረቦቼ ታሪኩን እያሳመሩ ሲያወሩት ስለሰለቸኝ ነው። በእነሱ አፍ አባቴ ቅዱስ፣ እኔ ደግሞ የተማርኩ ደንቆሮ ሆነናል። ሁለተኛው ልክ ነው። በመጀመሪያው ላይ ግን እኔ ልጃቸው አልፈርምም።

የማስተምረው መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ በምትባል ከተማ ነው። የተወለድኩት ከዚያ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቃ፣ ከጓሳው አፋፍ ሥር ባለች መንደር ነው። ጓሳ የሜዳውም የሣሩም ስም ነው። ሣሩ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበስ ገሳ ይሠራበታል። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል። በተዘጋ ጊዜ ማጭድም ከብትም አይገባበትም። ሽማግሌዎቹ ዞረው አይተው ሣሩ ደርሷል ብለው ሲስማሙ ቀኑ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነገራል፤ ያን ቀን ባለድርሻው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። አባቴ ከነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፣ ማኅተምም የለውም። ያለው ነገር ቢኖር፣ ሲያልፉ ሰው ከተቀመጠበት ብድግ ማለቱ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። ሜዳው ተዘግቶ ሳለ ሣር የነካ ሰው፣ በሚቀጥለው መክፈቻ ቤቱ ማጭድ አያነሣም። የሚቀጣው ቤቱ ነው እንጂ ሰውየው ብቻ አይደለም። ልጅ ቢያጠፋ አባት ይቀራል፣ ባል ቢያጠፋ ሚስት ትቀራለች። እኔ በከተማ የመንግሥት ደመወዝ ብበላም በመንደሩ የራሴን ጎጆ አልቀለስኩም፤ ጓሳው ላይ ያለኝ ድርሻ በአባቴ ቤት በኩል ነው። በሽማግሌዎቹ ዓይን ፀጉሬ ቢሸብትም የአባቴ ቤት ልጅ ነኝ። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የማላውቀውን ነገር አጥፍቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቀለል ይለኝ ነበር።

የአባቴ ቤት ክብ የድንጋይ ቤት ነው። ድንጋዩን የካቡት ራሳቸው ናቸው፣ ካቡም ዛሬ ድረስ ዝንፍ አላለም። ጣራው ግን ለመጨረሻ ጊዜ የተከደነው እናቴ በሕይወት ሳለች ነበር። በስተግራ በኩል ጎብጦ ነበር፤ ክረምት ሲገባ መጀመሪያ በአንድ ቦታ፣ ኋላ በአራት ቦታ ያፈስ ጀመር። ከአባቴ ጋር የምትኖረው ባሏ የሞተባት ታላቅ እህቴ ናት፤ እቴቴ እላታለሁ። በየክረምቱ ድስቷን፣ ገበቴዋን፣ የቆርቆሮ ጣሳውን ከፍሳሹ ሥር ትደረድራለች። ስትነጫነጭ አባቴ መልሳቸው አንድ ነበር፦ "ጓሳው እስኪከፈት ነው።" ማገር የሚሆን እንጨት አስቆርጠው፣ ገመዱን ገምደው፣ ከዳኙን ሳይቀር ከሁለት ዓመት በፊት ተነጋግረው ጨርሰዋል። አንድ ቀን ደጅ ተቀምጠን ጣራውን ሽቅብ እያዩ፣ "ይቺን አንዴ ካስከደንኳት እኔን ቀብራ ትቀራለች" አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር የተናገሩት። በሚመጣው በጋ ሜዳው እንደሚከፈት ያውቁ ነበር፤ ከሚያስከፍቱት አንዱ ናቸውና።

የኔ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ተማሪዎቼ የሮም ታሪክ ሲደርስ ያዛጋሉ። የንጉሠ ነገሥታቱ ስም ዝርዝር እኔንም ያስተኛኛል። እኔ የምወደው ከሮም ርቀው በግዛቷ ዳርቻ ስለነበሩት ትንንሽ ከተሞች ማስተማር ነው። ብርድና ጭጋግ ያለበት ደጋ ሀገር አስቡ፤ የወታደር ሰፈር አለ፣ ከጎኑ ገበያ አለ፣ ጡረታ የወጣ ወታደር መሬት ተሰጥቶት የሀገሩን ልጅ አግብቶ ይኖራል። መታጠቢያ ቤት አለ፣ ለጣዖቱ መሠዊያ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። የሀገሩ ተወላጅ ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ፣ በክብ የድንጋይ ጎጆ፣ ጣራውን በሣር ከድኖ፣ ገብስ እያረሰ በግ እያረባ ይኖራል። ይህን ስናገር አንዱ ከኋላ፣ "መምህር፣ መንዝን ነው እንዴ የሚያስተምሩን?" አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ወታደር በዚያ ብርድ ሀገር ካልሲ ከሩቅ እንደተላከለት የሚናገር ደብዳቤ በቁፋሮ መገኘቱን ስነግራቸው ግን አልሳቁም። የሱፍ ካልሲ ምን ማለት እንደሆነ የመንዝ ልጅ ያውቃል።

የትምህርት ቤቶች ኤግዚቢሽን ይዘጋጃል ሲባል ያንን ከተማ በትንሹ፣ በሞዴል ልሥራው አልኩ። አሸናፊው ሥራ ደብረ ብርሃን ሄዶ ይታያል ተባለ። እኔ ወደዚያ ዝውውር ጠይቄ የተከለከልኩበት ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንድ አዋቂ ሰው ሥራዬን አይቶ፣ "ይሄ ሰው እዚያ ብርድ ውስጥ ምን ይሠራል?" ይላል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ነገሩን ለተማሪዎቹ ነው እያልኩ ለራሴ ነበር የምሠራው። ቅዳሜና እሑድ ኮምፔርሳቶ ላይ ተደፍቼ ዋልኩ። ቅጥሩን በጠጠር ካብኩ፣ የፍርድ ቤቱን ዓምዶች ከኖራ ሠራሁ፣ ለሮማውያኑ ቤቶች ከወንዝ ጭቃ አምጥቼ የሸክላ ክዳን ጋገርኩ። ለተወላጆቹ ጎጆዎች ሣር ፈለግሁ። የገብስ ጭድ ሞከርኩ፣ ከዶሮ ጎጆ የወጣ መሰለ። ከአባቴ ጣራ ሥር የወደቀውን ሞከርኩ፤ ጥላሸት ጠጥቶ ጥቁር ሆኗል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል።

ለሥራው ቀለም ልገዛ ደብረ ብርሃን ሄጄ በሚኒባስ ስመለስ፣ ጓሳው መሐል ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ እስኪቀይር ወረድን። ሣሩ ከመንገዱ ጠርዝ ጀምሮ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ይተኛና ይነሣል። ከሾፌሩ ቢላዋ ተዋስኩ። አስር እርምጃ ያህል ገብቼ አጎንብሼ አንድ እቅፍ ቆረጥኩ። ስመለስ ተሳፋሪው ሁሉ ያየኛል። አንዲት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያጣፉ እናት፣ "ልጄ፣ ተዘግቶ የለም እንዴ?" አሉኝ።

"ለትምህርት ነው፣ እማማ" አልኳቸው።

"ለትምህርት ከሆነ እንግዲህ" አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ሌላ ሰው አልተናገረም። አስተማሪ በእኛ ሀገር አሁንም ይከበራል፤ በተለይ ባልተገባው ሰዓት። ሾፌሩ ሣሩን ከኋላ ወንበር ሥር ከተተልኝ። ሳስበው የሚያናድደኝ ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ ቢሰድበኝ ኖሮ፣ እዚያው ጥዬው እመጣ እንደነበረ ነው። ሰው ላይ ማላከኬ እንደሆነ አውቃለሁ።

ከተማዬ አማረ። እውነቱን ልናገር፣ ከሠራሁት ነገር ሁሉ እንደሱ ያማረ የለኝም። ሰባቱ ጎጆዎች ከቅጥሩ ውጭ ተኮልኩለው፣ ጣራቸው ጥቅጥቅ ብሎ፣ ጫፋቸው በክር ታስሮ ሲታዩ ጭስ የሚወጣባቸው ይመስሉ ነበር። ኤግዚቢሽኑ ሲቃረብ እህቴ ደውላ፣ "አባባ ሊመጡ ነው፣ ሥራህን ላየው ብለዋል" አለችኝ። አባቴ እኔ የማስተምርበትን ግቢ ረግጠው አያውቁም ነበር። በፈረስ መጥተው ፈረሱን ከዘመድ ቤት አስረው፣ የክት ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከተማሪውና ከሹማምንቱ መሐል በዝግታ ገቡ። ባልደረቦቼ ወንበር አቀረቡላቸው። አልተቀመጡም።

ከጠረጴዛው ፊት ቆመው ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ በከዘራቸው ጫፍ እየጠቆሙ ይጠይቁኝ ጀመር።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ፍርድ ቤታቸው ነው፣ አባባ።"

"ይሄስ?"

"መታጠቢያ ቤት። ሰዉ ሁሉ አብሮ ነበር የሚታጠበው።"

"አብሮ?" አሉና ፈገግ አሉ። "ብርድ ነው አላልክም እንዴ?" ቀጥለው ቅጥሩን በዓይናቸው ዞሩት። "አውድማቸው የታለ?"

መሠዊያውን ሠርቻለሁ፣ የገበያውን መደብ ሠርቻለሁ፣ የበር ጠባቂውን ጦር ሳይቀር ከሽቦ አበጅቻለሁ። ያንን ሁሉ ሕዝብ የሚመግብ እህል የት እንደሚወቃ አላሰብኩም። የገበሬ ልጅ ነኝ።

"ረስቼው ነው" አልኩ።

"ግድ የለም፣ ካቡ ግን ጥሩ ነው። ድንጋዩን አስተኝተህ ነው ያሰርከው፣ እንደኛ" አሉ። ያን ሲሉኝ የተሰማኝን ደስታ ዛሬ ማስታወስ አልፈልግም። ቀጥሎ እጃቸውን ዘርግተው ከጎጆዎቹ የአንዱን ጣራ በጣታቸው ዳሰሱ። እጃቸው እዚያው ቀረ።

"ይሄን ሣር ከየት አመጣኸው?"

"ከአሮጌ ጣራ ነው።"

አንዲት ዘለላ መዘዙ። በጥፍራቸው ለሁለት ሰነጠቁት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። "አሮጌ ጣራ ጥላሸት አለው፣ ልጄ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው እንዳይሰማብኝ። "ይሄ ገና ወገቡ አልጠነከረም። አንድ ክረምት ይቀረው ነበር።"

"ለትምህርት ነው፣ አባባ" አልኩ።

የተሰነጠቀችውን ዘለላ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሯት። ምሳ ልጋብዝዎት ብላቸው ጾም ነው አሉ፤ የጾም ምግብ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። እስከ ፈረሱ ሸኘኋቸው። እርካብ ስይዝላቸው ሁልጊዜ የሚመርቁኝን ያንን ቀን ሳይመርቁኝ ሄዱ። ነገሩ በዚህ አለፈ ብዬ ነበር፤ ሰው አባቱን የሚያውቀው የሚመስለው ለካ ሲመቸው ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዳኞቹ ዞሩ። አንደኛው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ "ሮም ውስጥ ጎጆ ቤት ምን ይሠራል?" አለኝ። የዳርቻ ግዛት መሆኑን፣ የተወላጁ ቤት መሆኑን አስረዳሁት። አንድ ነገር ጻፈና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ። አንደኛ የወጣው በአሸዋና በከሰል ውኃ የሚያጣራ በርሜል ነው። ለእኔ የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ስሜን ተሳስተው ነበር የጻፉት፣ እንዲታረምም አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ እህቴ ደወለች። "ነገ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ና ብለውሃል። ምን አድርገህ ነው? ከመጡ ጀምሮ ከእኔ ጋር እንኳ አይነጋገሩም።" ነገርኳት። "ጣራውስ?" አለች። ከእኔ ቀድማ ገብቷት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ጽድ ሥር ነው የሚቀመጡት። ስደርስ ተቀምጠዋል። የአባቴ ቦታ ክፍት ነው። እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ፊት ለፊት ቆመዋል፣ ባለጉዳይ በሚቆምበት። በዚያ ቦታ ቆመው አይቻቸው አላውቅም። ከቁመታቸው ያነሱ መሰለኝ።

"ከቤቴ ሰው ሣሩን ነክቷል" አሉ። "ከሳሹም እኔ ነኝ፣ ተከሳሹም እኔ ነኝ። እናንተ ፍረዱ።" የጋቢያቸውን ቋጠሮ ፈትተው ዘለላዋን መሬት ላይ አኖሯት።

ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ፣ "ማነው የነካው?" አሉ።

"ልጄ ነው። ያውላችሁ ቆሟል።"

"ምን ያህል ነው?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። "አንድ እቅፍ" አልኩ።

ሽማግሌው ተነፈሱ፣ ሳቅም አሉ። "አንድ እቅፍ! እኛ ደግሞ ምን ጉድ መጣ ብለን። ለትምህርት ቤት አይደል እንዴ ያዋለው? ለሕፃናቱ ማሳያ ነው።" ሌሎቹም ተቀበሏቸው። መምህር ነው፣ የተማረ ልጃችን ነው፣ ለራሱ አልተጠቀመበትም፣ ምክር ይበቃዋል ተባለ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተልኝና እኔም ሮጬ ልገባ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። አባቴ ከዘራቸውን ወደ እኔ አንሥተው አስቆሙኝ።

"ያቺ ሴትዮስ?" አሉ።

ማን እንደሆነች ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ኋላ ከንግግራቸው ገባኝ። ከመንደሩ በላይ በኩል ጣራ የሌለው የድንጋይ ግድግዳ አለ፤ ወደ ቤት በሄድኩ ቁጥር በአጠገቡ አልፋለሁ። የአንዲት ባል የሞተባት ሴት ቤት ነበር። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ፣ ልጇ ስትወልድ ለአራስ መኝታ ብላ ከተዘጋው ሜዳ ሣር ታጭዳለች። ተያዘች፣ ተፈረደባት፣ በመክፈቻው ማጭድ አላነሣችም። በሚቀጥለው ክረምት ጣራዋ ተደርምሶ ገባ። ቀየት ከተማ ከዘመድ ተጠግታ ጠላ እየሸጠች ትኖራለች።

"እሷም የወሰደችው አንድ እቅፍ ነበር" አሉ አባቴ። "ለአራስ ነው ብላ እዚህ ቆማ አለቀሰች። ያኔ 'ሣሩ ለማን እንደታጨደ አያውቅም' ብዬ የፈረድኩባት እኔ ነኝ። አሁን ለትምህርት መታጨዱን ያውቃል ልትሉኝ ነው?"

ፍርዱ ተሰጠ፦ በሚመጣው መክፈቻ የእኛ ቤት ማጭድ አያነሣም። አባቴ ለፍርዱ እጅ ነሥተው አመሰገኑ፣ ዳኝነቱንም በዚያው ተዉ። "ባለዕዳ ቤት አይዳኝም" አሉ።

ወደ ቤት ስንወርድ መናገር የጀመርኩት እኔ ነኝ። ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ተናድጃለሁ። "ማንም አላወቀም ነበር። እርስዎ ባይናገሩ ማን ይናገር ነበር?" አልኳቸው። "ጣራ ነው እኮ አባባ! ስንት ዓመት የጠበቁት ጣራ ነው።"

"'በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ' ሲባል አልሰማህም?"

"በቅሎዋ እኮ የእቴቴም ናት" አልኩ።

ያን ጊዜ እርምጃቸው ተሰናከለ። ከአፌ ከወጡ እውነቶች ሁሉ እንደዚያ ያለ ጨካኝ ንግግር አልተናገርኩም፤ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ይቅርታ እጠይቅበት ነበር። ቤት ስንደርስ እህቴ ፍርዱን ሰማች። ከአንዳችን ወደ ሌላችን አየችና፣ "ሁለታችሁም ጥሩ ሰዎች ናችሁ" አለች። "ድስቱን የማነሣው ግን እኔ ነኝ።"

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ጠበቀኝ። የሒሳቡ መምህር ገና ከበሩ ስገባ፣ "በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ብሎ ጀመረ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ሌላው፣ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ አባትህ ግን አይቆጫቸውም" አለ። ያን ቀን ማታ ያልመለስኩላቸው መልስ ሁሉ ትዝ እያለኝ ብቻዬን ተሳደብኩ። ያን ሰሞን ለክፍሉ የማስተምረው ስለ ሕግ ነበር። በዚያ ዳርቻ ግዛት ለሮማዊው ዜጋ አንድ ሕግ፣ ለተወላጁ ሌላ ሕግ እንደነበረ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አብራርቻለሁ። እኔ ራሴ ጽዱ ሥር ቆሜ ለራሴ የዜጋውን ሕግ እለምን እንደነበር አልነገርኳቸውም።

በጋ መጣና ጓሳው ተከፈተ። የመክፈቻ ቀን እንደ ንግሥ በዓል ነው። ሕዝቡ ከየመንደሩ በፈረስ፣ በአህያ፣ በእግር ይወጣል። ማጭድ ሁሉ እኩል ይነሣል፤ የሣሩ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። አባቴ ባዶ እጃቸውን ወጡ። አይሂዱ ብላቸው፣ "የዘጋሁትን ሲከፈት እንዴት አላይም?" አሉኝ። ከፈረሳቸው ሳይወርዱ ቀኑን ሙሉ ቆመው ሰው ሲያጭድ አዩ፤ አንዳንዱን፣ "ከሥር አትንቀለው፣ ለሚመጣው ተውለት" እያሉ ይገሥጹ ነበር። እጃቸው ላይ ማጭድ የሌለ መሆኑ ለማንም የተገለጠ አልመሰለም፣ ለእኔ ግን ሌላ የሚታየኝ ነገር አልነበረም። ጎረቤቶች ከየድርሻችን እናዋጣ አሉ። አባቴ፣ "ከተፈረደበት ጋር የሚካፈል ፍርዱን ያፈርሳል" ብለው ከለከሉ። አንዱ ጎረቤት ጠዋት ማንም ሳያየው ደጃችን ላይ አንድ ትልቅ ነዶ ጥሎ ሄደ። የማን እንደሆነ ከአስተሳሰሩ አውቀው ለእህቴ፣ "መልሺው" አሏት። በጀርባዋ ተሸክማ መለሰችው። መንገዱ ዳገት ነው።

ክረምቱ እንደገባ የጣራው ግራ ጎን ገባ። እኔ ቆርቆሮ በመኪና አስጭኜ፣ አናጺ ይዤ ሄድኩ። አባቴ ቆርቆሮውን አዩት። "ለእህትህ ስትል ምታው" አሉ። ክቡን ቤት በአራት ማዕዘን ቆርቆሮ መክደን አይቻልም፤ አናጺው እየቆረጠ፣ እያጠፈ፣ እየቀጠለ እንደምንም ገጠመው። ከግድግዳውና ከቆርቆሮው መሐል ዙሪያውን እጅ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ።

ቆርቆሮ ለመንዝ ብርድ አልተፈጠረም። የሣር ጣራ ጭሱን አጣርቶ ያስወጣል፤ ቆርቆሮው ጭሱን ወደ ታች ይመልሰዋል። ውርጭ ባደረ ጠዋት ከሥሩ ያላበው ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ስለዚህ እህቴ ድስቷን በበጋም ትደረድር ጀመር። በረዶ ሲጥል ደግሞ ሰው ከሰው አይደማመጥም። አባቴ ስለ ጣራው አንድም ቀን አላማረሩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ሽቅብ እያዩ፣ "ሰው ቤት ያደርኩ ይመስለኛል" አሉኝ። ሳል በዚያው ክረምት ጀመራቸው። ጤና ጣቢያው ዕድሜ ነው አለ። በሁለተኛው ክረምት ሞቱ።

በሰልስቱ ያቺ ሴት ከቀየት መጣች። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም፤ ማንነቷን የነገረችኝ እህቴ ናት። በወጉ አለቀሰች፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፣ የቀረበላትን ቀመሰች። ልትሄድ ስትነሣ በሩ ላይ ቆም ብላ ቆርቆሮውን ሽቅብ አየችው። ረጅም ጊዜ ነው ያየችው። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ልሁን እሷ አላወቅሁም። "እግዜር ያጥናችሁ" ብላ ሄደች።

አባቴ ልክ ነበሩ። ይህን ዛሬ ብትጠይቁኝ እመሰክራለሁ። ልክ መሆናቸውን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። ለዚያች ሴት የነበረባቸውን ከፈሉ፤ የከፈሉት ግን ከእህቴ ጣራ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ዘለላ እንኳ አልከፈልኩም። ደመወዜ እንደነበረ ነው፣ የተከራየሁት ቤት ጣራም አያፈስም።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ መጋዘኑን ሲያጸዳ፣ "ያንተን ከተማ ምን እናድርገው?" ብለው ጠሩኝ። ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር አገኘሁት። የፍርድ ቤቱ ዓምዶች ወድቀዋል፣ መታጠቢያ ቤቱን አይጥ አፍርሶታል፣ የጋገርኩት ሸክላም ተሰነጣጥቋል። ሰባቱ ጎጆዎች ግን ምንም አልሆኑም። ጣራቸው ጠብታ ሳይነካው፣ ቢጫ ሆኖ፣ አንድም ሳይረግፍ ቁጭ ብሏል። ሣሩን እየነቀልኩ በማዳበሪያ ከረጢት ከተትኩ፣ ሌላውን ጣሉት አልኩ። ቅዳሜ ወደ እህቴ ይዤው ሄድኩ። ምን ላድርግበት ብዬ እንደወሰድኩት አላውቅም፤ እዚያ ልተወው ግን አልቻልኩም።

ከረጢቱን ከፍታ አየች። ከየት እንደመጣ አልጠየቀችኝም። በርጩማ አምጥታ ላዩ ላይ ወጣችና፣ ከአባቴ መደብ በላይ ነፋስ በሚገባበት፣ ግድግዳውና ቆርቆሮው ባልተገናኙበት ክፍተት ውስጥ እየጠቀጠቀች አስገባችው። "ይኸው፣ ድርሻችን ገባ" አለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር። አንድ ክንድ የማይሞላ ቀዳዳ ደፍኖ አለቀ። የቀረውን በአሮጌ ቀሚሷ ደፈነችው።